የሐይቅ ሞተር በዱቄት አገር

ባለፈው ሰሞን ማለዳ፣ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ አጥር ሥር አንድ የጭነት መኪና አልነሳ አለ። ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተነሳ ሲባል ይሞታል። የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ አልጋዬ ድረስ መጣ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጠላ እንኳ ሳልደርብ መስኮቱን በርግጄ «የናፍጣውን ክዳን ክፈተው! ክዳኑን!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለኝ። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው መሆኔን በምን ይወቅ!

ገባሁ። ሽታው ግን ከእኔ ጋር ገባ። ናፍጣ ብቻውን ቢሸተኝ ምንም አይለኝም፤ ያን ዕለት ግን ማታ ያስፈጨሁት የጤፍ ዱቄት ጓዳ ውስጥ ተከፍቶ ነበርና ሁለቱ ተገናኙ። ናፍጣና ትኩስ ዱቄት። እንግዲህ ይኼ ሽታ ወዴት እንደሚወስደኝ ልንገራችሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ከደሴ ተነሳሁና ቡሬ ወረድኩ፤ ከቡሬ ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር ሄጄ የተመደብኩባት ቀበሌ ደረስኩ። መብራት የላትም። መኪና የሚገባው በበጋ ነው፣ እሱም ሾፌሩ ደፋር ከሆነ። ወፍጮ ግን ነበራት፤ ያውም የጀልባ ሞተር ያለው።

እውነቴን ነው። ሞተሯ ከጣና የመጣች ናት። ሐይቁ ላይ ሰውና ማገዶ ስታመላልስ የኖረች ጀልባ ከሥሯ በስብሳ ስትጣል፣ የገበሬዎቹ የወፍጮ ኮሚቴ ሞተሯን ገዝቶ በበሬ እያስጎተተ አመጣት። ሰማያዊ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። ከሞተሯ ጋር የጀልባው ነጂ አብረው መጡ። ለአንድ ሳምንት ነበር የመጡት፤ ተክለው፣ አስነስተው፣ ለሰው አስረክበው ሊመለሱ። በሦስተኛው ቀን እህል ልታስፈጭ የመጣች አንዲት ሴት «ይቺ መርከብ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ቆማ ነው የምትሄደው» አሏት። በዚህ ተሳሳቁ። ሰውየው ለአንድ ሳምንት መጥተው ለዕድሜ ልክ ቀሩ። እኔ ስደርስ ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ አገሩም «አያ ካፒቴን» ይላቸዋል።

ሚስታቸውን እኔም መጀመሪያ «እርስዎ» እላት ነበር። «ተይ እንጂ እታለም፣ እርስዎ ስባል እናቴን የጠሩ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ» ብላ ከለከለችኝ። ወገኖቿ ከአዊ የመጡ ናቸው። እህል ስትሰፍር በእናቷ ቋንቋ ነበር የምትቆጥረው፤ መሃል ላይ ብናናግራት በዓይኗ ዝም አስኝታን ትጨርሳለች። ወፍጮ ቤቱን የምትጠርገው፣ ጆንያ የምትሰፋው፣ ወረፋ የምታስከብረው እሷ ነበረች። ሞተሯ ግን የካፒቴኑ ናት ተብሎ ነበር የሚታመነው።

ካፒቴኑ ሞተሯን ሲያስነሱ ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ ሆዷን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ቀጥለው ማኑቬላውን፣ ያን በእጅ የሚዞረውን የማስነሻ ብረት፣ ይሰኩና ወረፋ ወደያዙት ሴቶች ዞረው «ልንነሳ ነው!» ብለው ይጮሃሉ። ጀልባ ላይ ተሳፋሪው እንዲቀመጥ የሚባለው እንዲህ ነበር አሉ። እኛም ለምደነው ቁናችንን እቅፍ እናደርጋለን። ይኼኔ ከሞተሯ ኋላ የሚስታቸው ድምፅ ይመጣል።

«ቆይ!»

አንድ ቀን ዘላ አታውቅም። ደቂቃ ታህል ታቆማቸዋለች። እሳቸው ማኑቬላውን እንደያዙ ወደ እኛ ይዞሩና «ሴት የተሳፈረችበት መርከብ በሰዓቱ ተነስቶ አያውቅም» ይላሉ፤ እንስቃለን። «በል አሁን» ትላለች፤ ግንባሯ ዱቄት ለብሶ ብቅ ትላለች። ካፒቴኑ አንዴ ሲያዞሩ ሞተሯ ትነሳለች። አንዴ ነው የምላችሁ። በዙሪያችን ያሉት ወፍጮዎች በሳምንት ሁለት ቀን ሲታመሙ የእኛዋ ጉንፋን እንኳ ይዟት አያውቅም። ሰው ከፈረስ ቤት ከተማ ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ባገኘ ቁጥር የሚያሳየው ቤተ ክርስቲያኑንና እሷን ነበር።

ሚስትየው በልጅነቷ በድንጋይ ስትፈጭ ያደገች ናት። የሞተሯ የመጀመሪያ ዱቄት በወረደ ቀን እቤቷ ገብታ የወፍጮዋን መጅ አወጣችና ገደል ሰደደችው። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀልድ የምትደጋግማት አንዲት ኑዛዜ ነበረቻት። «እኔ ስሞት ለተዝካሬ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ እንዳትጎነበስ። በመርከብህ ፍጭልኝ» ትላቸዋለች። ካፒቴኑም በቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እጃቸውን ዘርግተው ምለውላታል። ይኼን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ ታመመች። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

የቀብሯ ዕለት የነጠላዬ ጥለት ተተርትሮ ነበርና የምሰፋበት ፍለጋ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ከናፍጣው ታንክ በላይ ባለው ምሰሶ ላይ ተለቅ ያለች መርፌ ተሰክታ አገኘሁ። የጆንያ መስፊያዋ ናት ብዬ ነቀልኳት፤ ሰፋሁባትና ሹራቤ ኮሌታ ላይ ሰክቼ እዚያው ረሳኋት። ናፍጣ ናፍጣ ትሸት ነበር። በሳሙና አጠብኳት፤ አልለቀቀም። መርፌ ናፍጣ ምን ያደርግላታል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ይኼ የተማረ ሰው ነገር!

ካፒቴኑ ሐዘን ተቀመጡ። በዚያ አገር ሐዘንተኛ ጎረቤት እያለው ሥራ ከነካ ነውሩ የእሱ አይደለም፣ የጎረቤቱ ነው። ስለዚህ እስከ አርባዋ እጃቸውን እንዳያነሱ ተከለከሉ። ኮሚቴው ከቡሬ አንድ ሞተረኛ አስመጣ። ሰውየው የመጀመሪያውን ሳምንት በደህና ሠራ። በሁለተኛው ሞተሯ ትሞትበት ጀመር። ናፍጣ ሲጨምርባት ትነሳለች፤ ጥቂት ሠርታ ትሞታለች። «ይቺ ጠግባ ካልበላች አትሠራም» አለና ታንኩን እስከ አፍ እየሞላ ያበላት ገባ። በመጨረሻ ያም አልሆነለትም። አንድ ማለዳ ስንነሳ ሞተረኛው የለም፤ ካፖርቱም የለም።

አርባዋ ቅዳሜ ነው። ሊጥ ተቦክቶ እንዲደርስ እህሉ የግድ ሐሙስ መፈጨት አለበት። ሰኔ ነውና ከቡሬ ጋር የሚያገናኘን ወንዝ ሞልቷል፤ አህያ አያሻግርም። የተዝካሩ እህል አሥራ አራት ጆንያ ሆኖ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተደርድሯል። ሐሙስ ጠዋት ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ከየጓዳው እየተጎተተ ይወጣ ጀመር። ሴቶቹ ክፋት የላቸውም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ካፒቴኑ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤታቸው ታዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንጋዮቹን አዩ።

«ምዬላታለሁ» አሉ። ከዚያ ሊነሱ ተንቀሳቀሱ።

የሟቿ የነፍስ አባት፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ቄስ፣ መንገዱን ዘጉባቸው። «እርስዎ ከተነሱማ እኛ ሞተናል ማለት ነው። ይቀመጡ።»

«አባ፣ በድንጋይ ሊፈጩላት ነው እኮ!»

«አልተፈጨም ገና። እጅዎ ይረፍ። ጆሮዎን ብቻ ያውሱን።»

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ካፒቴኑ ታዛቸው ላይ፣ ሞተሯ ከእሳቸው ሃያ እርምጃ ርቃ በጭቃ ግድግዳ ተከልላ። ማኑቬላውን ቄሱ ያዙ። ቁልፍና ፒንሳውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ፊዚክስ ታስተምራለች ተብሎ። ከእኔ ጋር የቆመችው የሟቿ ጎረቤት ነበረች፤ የተዝካሩን እህል ያበጠረችው እሷ ናት። እሷ በበሩ ቆማ የምንሠራውን ለካፒቴኑ ትነግራለች፤ ካፒቴኑ ደግሞ ከዚያ ማዶ ያዝዙናል።

ቄሱ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው አዞሩ። ሞተሯ ጉድ ጉድ አለችና ተነሳች። እልል ልንል ስንል አቃሰተች፣ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ፣ ሞተች።

«አሟሟቷ እንዴት ነው? ባንዴ ነው ወይስ እያቃሰተች?»

«እያቃሰተች!» አለች ጎረቤቲቱ።

«እንደገና ያዙሯት። ጭሱን እዩልኝ።»

ቄሱ አዞሩ። ጭስ የለም፤ ነጭም ጥቁርም።

«ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሳትም። የሚበላ አጥታ ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለባትም። እታለም፣ ፓምፗ አናት ላይ ያለችውን ትንሿን ቡሎን ላላ አድርጊያት።»

አላላሁ። ናፍጣው አረፋ እየተፋ ጥቂት ወጣ፤ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ቀጥ። ታንኩ ሙሉ መሆኑ ደግሞ ከጎኑ ባለችው የመስታወት ቱቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ፊልትሮውን አውጥተሽ እጠቢ» አሉ። አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። ቢሆንም አጠብኩት። ቄሱ ሲያዞሩ ላባቸው ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል። «ስሟን ብቻ ንገሩኝ፣ እገዝታታለሁ!» ይላሉ። ሴቶቹ በሐዘን ቤት መሳቅ ነውር ሆኖባቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል።

«ከታንኩ የሚወርደውን ጎማ ፍቺና በአፍሽ ንፊበት» አሉ ካፒቴኑ። ነፋሁ። አፌ ናፍጣ ሞላ፣ ዓይኔ እንባ። ታንኩ ውስጥ ግን ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሰማሁ፤ ጎማው አልተደፈነም ማለት ነው። መልሼ ገጠምኩ። ቡሎኗን አላልቼ ናፍጣው ያለ አረፋ እስኪወርድ ጠበቅሁና አጠበቅሁ። ቄሱ አንዴ አዞሩ።

ተነሳች! ያን ድምፅ ብትሰሙት። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ድንጋዩን አዞረ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ተገለበጠ። ዱቄቱ በአፈሙዙ ብቅ አለ፤ ትኩስ ነው። ጎረቤቲቱ በእጇ ተቀብላ ወደ ካፒቴኑ ልትሮጥ ተነሳች። እኔም ኮራሁ፤ መኩራት እንኳ ያንሰዋል።

ግማሽ ጆንያ ሳይወርድ አቃሰተች። ቀጠነች። ሞተች።

ሩቅ ሆኖ መጅ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ ተሰማ፤ አንዲት ሴት ተስፋ ቆርጣ ጀምራለች። ካፒቴኑም ሰሙት። ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ሲጎትቱ አየሁ። ከዚህ በኋላ አበቃ ብዬ ነበር።

ድምፃቸው መጣ፤ የተረጋጋ ነው። «እታለም፣ ያ የቡሬው ልጅ ናፍጣ ሲጨምርባት ነበር የምትነሳው ያላችሁኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሁን ደግሞ በአፍሽ ስትነፊባት ተነሳች።»

«አዎ።»

«እንግዲያ የጠማት ናፍጣ አይደለም። እሱ ናፍጣ ሲጨምር ክዳኑን ይከፍታል። አንቺም አየር ሰደድሽላት። አየር ነው ያጣችው። በይ ያን ክዳን ቀስ ብለሽ ፍቺው። ማንም እንዳይተነፍስ።»

በርጩማ ላይ ወጥቼ ክዳኑን ዞር አደረግሁት። ጵስስስስ አለ፤ ሰው ሸክም አውርዶ እንደሚተነፍሰው ያለ ረዥም ትንፋሽ። ከሃያ እርምጃ፣ ከግድግዳ ማዶ፣ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ እያንጠባጠበ፣ ካፒቴኑ ያን ድምፅ ሰሙት። «እሱ ነው! እሱ ነው!» አሉ። እንዲህ ያለ ጆሮ ከዚያ ወዲያ አላጋጠመኝም።

አሁን እኔን እዩኝ። በዚያው ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል ስለ አየር ግፊት አስተምሬያለሁ። የወተት ጣሳ ይዤ ገብቼ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከበሳነው ወተቱ እንደማይወርድ፣ አየር የሚገባበት ሁለተኛ ቀዳዳ እንደሚያስፈልገው አሳይቻለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥዕሉ አልጠፋም ነበር። ጣሳውን የማውቀው ሰው ታንኩን ሙሉ ቀን ሳየው ዋልኩ።

ክዳኑን አገላበጥኩት። መሃሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ መኖር ነበረባት፤ የለችም። ዱቄትና ናፍጣ ተለውሰው እንደ ሲሚንቶ ደርቀውባታል። ለካፒቴኑ ነገርኳቸው። «ቀዳዳዋስ መኖሯን አውቃለሁ» አሉ፣ «ተደፍና ግን አታውቅም። ሐይቅ ላይ ዱቄት የለም።»

እሾህ አመጡልኝ፤ ተሰበረ። ቀጭን ነገር፣ ቀጭን ነገር ይባላል። እጄን ኮሌታዬ ላይ ሳደርግ መርፌዋ ነካችኝ። አወጣኋትና ሰደድኳት። ልክ ናት። ለዚያች ቀዳዳ የተሠራች ትመስላለች፤ ሳትጠብቅ ሳትላላ ገብታ ወጣች። ጫፏ ጠቁሯል፤ ያ ጥቁረት ግን የዛሬ አልነበረም፤ ስነቅላትም እንዲሁ ነበረች። ያኔ ገባኝ።

«በምን ከፈተችው?» አሉ ካፒቴኑ።

«በመርፌ ነው» አለች ጎረቤቲቱ።

«የምን መርፌ?»

መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ወጥቼ መርፌዋን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «የእሷ ናት፣ ጋሼ። የቀብሩ ዕለት ከምሰሶው፣ ከታንኩ በላይ ነቅዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ።»

ጎረቤቲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ለካ እሱን ነው! እርስዎ ልንነሳ ነው ሲሉ እሷ ሁልጊዜ በርጩማው ላይ ወጥታ ታንኩን በመርፌ ስትነካካው አያት ነበር። አንድ ቀን ምንድን ነው ብላት፣ መርከቢቱን ላስተንፍሳት ብዬ ነው አለችኝ። ለቀልዷ መስሎኝ…»

ካፒቴኑ አንገታቸውን ደፉ። ቄሱ «በእጅ የያዙት ወርቅ…» ብለው ጀመሩና ተዉት፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

አሥራ አንድ ዓመት። በየማለዳው አንድ ደቂቃ። አገር ያደነቀው የሞተር ጤና እኩሌታው የካፒቴኑ ጆሮ ነበር፤ እኩሌታው ደግሞ የእሷ መርፌ። ዱቄት ምን እንደሚሠራ ሰውየው አያውቁም፤ የውኃ ሰው ናቸው። እሷ የዱቄት ልጅ ናት፣ አወቀች። አውቃም አልተናገረች። ለምን እንዳልተናገረች ብዙ አስቤበታለሁ። የሚመስለኝ፣ ሰውየው አንዴ አዙረው ሲያስነሷት ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ኩራት ትወደው ነበር።

ክዳኑን መለስኩ። ቄሱ ማኑቬላውን ጨብጠው ሊያዞሩ ሲያጎነብሱ ከታዛው ድምፅ መጣ።

«ቆይ!»

ቆምን። ካፒቴኑ ናቸው። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያ መጅ እንኳ ዝም አለ። ደቂቃ ታህል፣ ልክ የእሷን ያህል፣ ጠበቅናቸው። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርገው «በሉ አሁን» አሉ።

ቄሱ አንዴ አዞሩ። ሞተሯ እስከ ማታ አልቆመችም። አሥራ አራቱም ጆንያ ተፈጨ፤ የወጡት ድንጋዮች ወደየጓዳቸው ተመለሱ። የጀመረችው ሴትዮ የፈጨቻትን እፍኝ ዱቄት ከተዝካሩ ጋር እንዳትቀላቀል ብላ ለዶሮ በተነቻት። ቅዳሜ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። መርፌዋን መልሼ ሰጠኋቸው፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል «አንቺ ባትወስጂያት ኖሮ መች አውቅ ነበር» አሉኝ። ሄደው ምሰሶው ላይ ሰኳት።

ከዚያ በኋላ እዚያ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ካፒቴኑ ማለዳ «ልንነሳ ነው!» ይላሉ፤ እኛ ቁናችንን እናቅፋለን። ማኑቬላውን ያስቀምጡና በርጩማው ላይ ይወጣሉ፣ መርፌዋን ይነቅላሉ። ቀዳዳዋን ለመጥረግ አሥር ሰከንድ ይበቃል። እሳቸው ግን ደቂቃዋን ሳይሞሉ አይወርዱም ነበር። ወረፋ የያዘ ሰው ሲያጉረመርም አንድም ቀን አልሰማሁም።

ወደ ፍኖተ ሰላም ከተዛወርኩ በኋላ እየራቅሁ ሄድኩ። ማረፋቸውን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ገበያ መሃል ካገኘኋት ከዚያችው ጎረቤት ነው። ሞተሯ ተነቅላ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ቆማለች አለችኝ። መርፌዋን ጠየቅኋት፤ አላወቀችም።

«ተዝካራቸውስ?» አልኳት።

«አማረ። መብራት ገብቷል እኮ አሁን። የመብራቱን ወፍጮ ቁልፍ ተጫኑት፣ ያን ሁሉ እህል በግማሽ ቀን ጨረሰው» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችው። «ግን እታለም፣ አስፈጪው እጁን ቁልፉ ላይ ሲያደርግ፣ ቆይ የሚለው ሰው አልነበረም።»